ጋሼ ጥልና ጋሼ ጎርፍ

ሊቃውንት ሲጣሉ ድንጋይ አይወራወሩም፤ የግርጌ ማስታወሻ ነው የሚወራወሩት። ለጎረቤት ይህ ደግ ነገር ነው፤ ጩኸት የለውም፣ መስኮት አይሰበርም፣ ገላጋይም አይደክምም። ለተጣዮቹ ግን ድንጋይ ሳይሻላቸው አይቀርም። ድንጋይ ተወርውሮ ያልቃል። የግርጌ ማስታወሻ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ተሰድሮ የልጅ ልጅ ሳይቀር ያነበዋል።

ጋሼ ጥልና ጋሼ ጎርፍ እንዲህ ሲወራወሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ተማሪ ስም ሲያወጣ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሁለቱም የአይሁድን ታሪክ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ስም ያተረፉት በአንድ ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሹ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ውስጥ ያለ፣ ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው የቀረ አሮጌ ምኩራብ ነው። ይህ ምኩራብ በአንድ ግድግዳ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት በሮች አሉት። ሁለቱም የሚያስገቡት ወደዚያው ወደ አንዱ ክፍል ነው፤ አንደኛው ብቻ ከሌላው በክንድ ያህል ከፍ ይላል።

ለአንድ ክፍል ሁለት በር ምን ይሠራለታል? ጋሼ ጥል፣ ማኅበሩ ተጣልቶ ነው አለ። የከተማዋ ነባር ቤተሰቦችና ከተቃጠለ አገር ተሰደው የመጡ እንግዶች በአንድ ጣሪያ ሥር ለመጸለይ ተስማሙ፤ በአንድ በር ለመግባት ግን ወይ ፍንክች። ጋሼ ጎርፍ ደግሞ፣ ወንዙ ነው አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላና ደለሉ የታችኛውን በር ይደፍነዋል፤ ከፍ ያለውን በር የከፈቱት ለዚያ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ይህ ምኑ ያጣላል የሚል ካለ፣ ሊቅ አያውቅም ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ጋሼ ጥልን ያስቀየመው በሩም ጎርፉም አልነበረም። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንድ መጽሐፍ መሃላቸው ዘርግተው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ይህን አጠናን የወሰዱት ከሚያጠኑት ሕዝብ ነው። በጥንቱ የአይሁድ ትምህርት ወግ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ አያነበንብም፤ ጥንድ አለው። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው "ይህን ከየት አመጣኸው?" ይላል፤ ያ ያስረዳል፣ ይኼ ያፈርሳል፤ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ሲነሡ ዕለቱ በደንብ ዋለ ይባላል። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ወግ ወደዱት። ወደዱትና ቃል ተገባቡበት፤ አንዳቸው የጻፉትን ሌላው ሳይሰማው ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም።

ቃሉ ረጅም ጊዜ ጸና። ከዚያ አንድ ቀን ጋሼ ጥል አዲስ የመጣ መጽሔት ሲገልጥ የጓደኛውን ስም አየ፤ ከስሙ ሥር ወንዝ፣ ደለል፣ ክረምት የሚል ጽሑፍ። ሳያነብለት፣ ሳያስነካው፣ ውጥኑን እንኳ ሳያማክረው የታተመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሔቱን ዘጋው። ምን እንዳመመው ለማንም አልተነፈሰም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠውና በምትኩ የመልስ ጽሑፍ አወጣ። ጓደኛው ለመልሱ መልስ ሰጠ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰላምታቸው በጉባኤ ላይ ራስ መነቅነቅ፣ ወጋቸው የግርጌ ማስታወሻ ሆነ። ጋሼ ጥል ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ጋር ጽሑፍ አንብቧል። ሰው ሁሉ "ግሩም ነው" ይለዋል። "ግሩም ነው" የሚል ሰው ደግሞ ለጋሼ ጥል ከግድግዳ አይሻልም።

ዘንድሮ ታዲያ ወሬ ተሰማ። ጋሼ ጎርፍ መጻሕፍቱን በካርቶን እያሸገ ነው፤ ባሕር ማዶ ካለች ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው፤ እዚያው ሊኖር። ወሬውን ያመጣችው የጋሼ ጥል ባለቤት ናት። እሷ ዕድሜዋን በሙሉ የፍርድ ቤት ዳኛ ነበረች፤ ጡረታ ወጣች እንጂ ዳኝነቱ ከቤት አልወጣም። ወሬውን ስትነግረው ባሏ ሻይ እየጠጣ ነበር።

"ይሂድ" አለ። "አየሩ ይስማማው ይሆናል።"

"ሳትሰናበተው?"

"ራሴን ነቅንቄለት የለ ባለፈው።"

ይህን ብሎ ሻዩ ውስጥ ስኳር መጨመሩን ረስቶ እንደገና ጨመረ፤ እንደገናም አማሰለ፤ ከዚያ ሳይጠጣው ተነሥቶ ወደ መጻሕፍት ክፍሉ ገባ። ጓደኛው ሳይሄድ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ "ይህን ከየት አመጣኸው?" ቢለው ምን ያህል እንደሚወድ ለሚስቱ መንገር አላስፈለገውም። ለመለመን ግን የሚጎነበስ አንገት አልነበረውም።

በዚህ መሃል አወያይዋ ብቅ አለች። አወያይዋ የሁለቱም ተማሪ የነበረች፣ አሁን በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስለ አይሁድ ታሪክ፣ ኑሮና ባህል የምሁራን ውይይት የምታዘጋጅ ሴት ናት። ከመምህሮቿ የወረሰችው ዕውቀት ብዙ ነው፤ ተንኮሉ ግን የራሷ ነው። ጋሼ ጥል ቤት መጣችና፣ የዚህን ዓመት ውይይት ለመዝጋት ጋሼ ጥልና ጋሼ ጎርፍ በሁለቱ በሮች ላይ ፊት ለፊት ቢነጋገሩ ምን ይመስልዎታል አለች። ጋሼ ጎርፍ እሺ ብለዋል አለች። ይህ ውሸት ነበር፤ ጋሼ ጥል ግን አምኖ እሺ አለ። ከዚህ ወጥታ ጋሼ ጎርፍ ዘንድ ሄዳ ጋሼ ጥል እሺ ብለዋል አለች፤ ይህኛው እውነት ነበር፤ ጋሼ ጎርፍም ይህን ሰምቶ እሺ አለ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውም ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ሆነ።

ደንብ ግን ነበራት። ድሮ፣ አለች፣ ሁለት የአይሁድ ሊቃውንት ቤቶች በሕግ ትርጓሜ ሲከራከሩ ኖረው በመጨረሻ የአንደኛው ቤት ቃል የጸናው የራሳቸውን ሐሳብ ከመናገራቸው በፊት የተቃዋሚያቸውን ሐሳብ ያስቀድሙ ስለነበር ነው ይባላል። እናም በእኔ አዳራሽ ማንም የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ይናገራል፤ ባለቤቱ "አዎ፣ ቃሌ ይህ ነው" እስኪል ድረስ ይናገራል። ካላለ እንደገና።

ጋሼ ጥል ሳቀ። የጎርፉን ወሬ ከባለቤቱ በላይ አውቀዋለሁ አለ። ሃያ ዓመት ስቀጠቅጠው የኖርኩት ምኑን ነው?

ልምምዱ ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ ተጀመረ። ጋሼ ጥል ከወንበር ጀርባ ቆመ፣ ዳኛዋ ሶፋው ላይ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወንዝ የሚባል ነገር አለ፣ ወንዝ ደግሞ አንዳንዴ ይሞላል፣ ወዳጄም ይህን ያገኘው ብዙ ደክሞ ነው ብሎ ጀመረ።

"አሽሟጠጥክ" አለች ዳኛዋ። "ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚህኛው ላይ "ወዳጄ እንደሚመስለው" የሚል ቃል አስገባ። ሰውዬው "ይመስለኛል" ብሎ ነው ወይ የጻፈው ብላ ጠየቀችው። አይደለም፣ ነው ብሎ ነው አላት። እንግዲያው ነው በል አለችው። ሦስተኛውን ዙር በጨዋ ደንብ እስከ ግማሽ አድርሶት ነበር፤ ዳኛዋ ግን መነጽሯን አወለቀች። በሥራዋ ዘመን መነጽሯን ስታወልቅ ጠበቆች ይቁነጠነጡ ነበር አሉ።

"ይህ የከሳሽ ቃል ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም" አለች። "ለመሆኑ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?"

ጋሼ ጥል መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ሦስት ገጽ አንብቤያለሁ።"

"የቀረውስ?"

"የቀረውን ገመትኩት።"

ዳኛዋ የሠላሳ ዓመት ሥራዋን አስታወሰችና እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያነብ የተከራከረ ሰው! መሳቅም አማራት፣ መቆጣትም አማራት፤ ሁለቱንም ለማታ አቆየቻቸውና መጽሔቱን ፍለጋ ወደ መጻሕፍት ክፍሉ አባረረችው።

መጽሔቱ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከኋላኛው ረድፍ፣ አቧራ ለብሶ ተገኘ። ጋሼ ጥል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና አራተኛውን ገጽ ማንበብ ጀመረ። እንደ ድሮው ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው። አንድ አንቀጽ እንዳነበበ ቆመና ፊት ለፊት ላለው ባዶ ወንበር "ቆይ፣ ቆይ፣ ይህ አያስኬድም፤ ወንዙ በየዓመቱ መሙላቱን ማን ነገረህ?" አለ። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ አነበበ። "አንድ ሰው ግን፣ ወንዙ በየዓመቱ መሙላቱን ማን ነገረህ ሊለኝ ይችላል" ይላል ጽሑፉ፤ ከዚያም መልሱን ይሰጣል፤ መልሱም መልስ ነበር።

ጋሼ ጥል ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ ቀጠለ። ሌላ ቦታ ላይ ተቃወመ፤ እዚያም "አንድ ሰው" ቀድሞት ተቃውሟል። አንድ ሰው፣ ደለሉን ለምን አልጠረጉትም ሊል ይችላል። አንድ ሰው፣ የጸሎት ቤት በር እንዲህ በቀላሉ አይበሳም ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ቃሉ የእሱ፣ ቁጣው የእሱ፣ አጉል ቦታ ላይ ጣልቃ የመግባት አመሉም የእሱ። በየገጹ የተቀመጠው ያ "አንድ ሰው" እሱ ራሱ ነበር። ጓደኛው ይህን ሲጽፍ ወንበሩን ባዶ አላደረገውም፤ እሱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ሲከራከረው ነው የጻፈው። ጋሼ ጥል ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራው ነው ብሎ መጽሔቱን አራገፈ።

እንባው ደርቆ ሳያበቃ ሌላ መዓት መጣ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ጋሼ ጎርፍ ስለ ደፎቹ ያወራል። የሁለቱም በሮች የድንጋይ ደፍ በእግር ብዛት ተቦርቡሯል፤ ሁለቱም እኩል። ጥልን ብንቀበል፣ ይላል፣ ነባሮቹ ጥቂት ናቸው፣ ስደተኞቹ ብዙ። ጥቂቶች የሚረግጡት ደፍና ብዙዎች የሚረግጡት ደፍ እንዴት እኩል ያልቃል? እኩል ያለቀው አንድ ሕዝብ ሁለቱንም በተራ፣ ግማሽ ዓመት በዚህ፣ ግማሽ ዓመት በዚያ ስለገባባቸው ነው። ጋሼ ጥል መልስ ፈለገ። ቆሞ ፈለገ፣ ተቀምጦ ፈለገ፣ መስኮቱን ከፍቶ ፈለገ። "አንድ ሰው"ም እዚህ ላይ ዝም ብሏል።

በማግስቱ ዳኛዋ ፊት ሲቆም የጎርፉን ነገር አንስቶ እስኪጨርስ አንዴም አላቋረጠችው። ሲጨርስ፣ አሁን ሰውዬውን ሰማሁት አለች። ነገር ግን አንተስ ከነጥልህ የት ሄድክ ብላ ጠየቀችው። እኔን ተይኝ አላት፤ ራሱም የት እንደ ሄደ አያውቅም ነበር።

የውይይቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ተማሪዎች መጥተዋል፣ ጡረተኞች መጥተዋል፤ ስለ ምኩራብ ደንታ የሌላቸውና የሁለት ሽማግሌ ጥል ለማየት የመጡም አልጠፉም። መድረኩ ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጋሼ ጥል በወዲህ ጫፍ፣ ጋሼ ጎርፍ በወዲያ ጫፍ፣ አወያይዋ እንደ ድንበር ጠባቂ መሃል ተቀመጡ። ጋሼ ጎርፍ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ዛሬም ፈለገው። ጋሼ ጥል "ግንባርህ ላይ ነው" ሊለው ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ተወው። አወያይዋ ነገረችው።

ዕጣ ለጋሼ ጎርፍ ወጣና የጥሉን ሐሳብ እንዲናገር ተጋበዘ። ጋሼ ጥል ክንዱን አጣምሮ ሽሙጡን ጠበቀ። ሽሙጥ አልመጣም። ጋሼ ጎርፍ የተቃጠለችውን ከተማ ተናገረ፤ ስደተኞቹ ከእሳት ያተረፉትን የጸሎት ዜማ ይዘው ወደ ወንዙ ዳር መምጣታቸውን፣ ነባሮቹም የራሳቸውን ዜማ ከአባቶቻቸው የተቀበሉ መሆናቸውን ተናገረ። ከዚያ ወደ መቃኖቹ መጣ። አይሁድ በደጃቸው መቃን ላይ ቅዱስ ቃል የተጻፈበት ጥቅል ብራና በማኅደር ያኖራሉ። በዚህ ምኩራብ የታችኛው በር መቃን ላይ ለዚያ ማኅደር የተፈለፈለው ጎድጓዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የላይኛው በር ጎድጓዳ ግን የተጋደመ። ብራናው ይቁም ወይስ ይጋደም የሚለው ሊቃውንትን ያከራከረ ነገር ነው። ታዲያ፣ አለ ጋሼ ጎርፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ሕዝብ ወንዝ ሞላ ብሎ በር ይለውጣል፤ ወንዝ ሞላ ብሎ ግን የአባቱን ሥርዓት አይለውጥም።

አወያይዋ ወደ ጋሼ ጥል ዞራ ቃልዎ ይህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

"ነው" አለ ጋሼ ጥል። "እኔ እንዲህ አድርጌ ተናግሬው ብሆን ኖሮ ሃያ ዓመት ባልደከምኩ።"

ሰው ሳቀ፤ ጋሼ ጎርፍ ግን አልሳቀም፤ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። ተራው የጋሼ ጥል ሆነ። ወንዙን ተናገረ፣ ደለሉን ተናገረ፣ አካፋ የያዙ ሰዎች በየዓመቱ በሩን ሲቆፍሩ ኖረው አንድ ክረምት ላይ በቃን ማለታቸውን ተናገረ። ደፎቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሞቀ። ያንን እኩል ያለቀ ድንጋይ በእጁ የዳሰሰው ያህል አሳያቸው። ሲጨርስ ትንፋሹን ሰበሰበና ወደ ወዲያኛው ጫፍ ተመለከተ።

"ቃልዎ ይህ ነው?" አለች አወያይዋ።

"ነበር" አለ ጋሼ ጎርፍ።

"ነበር ማለት?"

"አሁን አላምንበትም። ይህን ውይይት ብዬ የእሱን ጽሑፎች መልሼ ሳነብ መቃኑ አሸነፈኝ። ሰዎቹ ተጣልተው ነው።"

አወያይዋ እንደ ደንቡ ጋሼ ጥልን መልስ እንዲሰጥ ጋበዘችው፤ ምን ልታደርግ ትችላለች። ጋሼ ጥል ፊቱ ቀላ። ምንም ጥል አልነበረም፣ ወንዙ ነው አለ። ደፉን አይቶ ወንዙን የሚክድ ሰው ለወንዙም ለደፉም አይመለስም አለ። ጋሼ ጎርፍ፣ ደፉን ለጊዜው ተወውና ስለ መቃኑ ንገረኝ አለው። ጋሼ ጥል መቃኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ የምን መቃን ታስተምረኛለህ አለው። አንተ ጥለኸዋል፣ አሁን የእኔ ነው አለ ያኛው። እንግዲያው ደፉም የእኔ ነው አለ ይኼኛው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ተማሪዎች ማን ጥል፣ ማን ጎርፍ እንደሆነ ጠፋባቸውና እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። ዳኛዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

አወያይዋ የሰላም ሰው ናትና ለመገላገል ሞከረች። ሁለቱም ቢሆንስ አለች፤ ጥልም ጎርፍም?

"አይሆንም" አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ አፍ።

በሃያ ዓመት ውስጥ ሲስማሙ የተሰሙት በዚህች ብቻ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ፣ ጋሼ ጥል ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ሊለው ያላሰበው ነገር ከአፉ አመለጠ። ምናልባት ሳቁ ነው ያላላው።

"ለምን ሳታነብልኝ አሳተምከው?"

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ጥያቄው እስከ ኋላው ግድግዳ ተሰማ፤ ስለ በር አለመሆኑም ለሁሉም ገባው። ጋሼ ጎርፍ መነጽሩን አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጣጠፈው።

"ባነብልህ ታሳምነኝ ነበር" አለ። "እኔ በሕይወቴ ብቻዬን አንድ ነገር ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት እንኳ የእኔ ሆኖ ይቆይልኝ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ መልስህ ወጣ፤ ተቆጥተሃል። ቁጣህ ስለ ደለሉ መሰለኝ።"

"ስለ ደለሉ አልነበረም።"

"አሁን ገባኝ።" ጋሼ ጎርፍ ቀና ብሎ አየው። "ይኸው፣ እንደ ፈራሁት አሳመንከኝ። ሃያ ዓመት ፈጀብህ እንጂ።"

"አንተም አሳምነኸኛል" አለ ጋሼ ጥል። "ስለዚህ አሁን ተሳስተሃል።"

"ይህን ከየት አመጣኸው?" አለ ጋሼ ጎርፍ።

ጋሼ ጥል እስከ ዛሬ ብዙ ሽልማት ተቀብሏል፤ በአንዱም እንደዚህ ልቡ ቅቤ አልጠጣም። መልስ ለመስጠት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መሃል ጎተተ። ያኛውም ጎተተ። መሃል ላይ አወያይዋ ነበረች፤ ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች፣ ከዚያ ወንበሯን አንጠልጥላ ከመድረኩ ወረደችና ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠች። ሁለቱ መውረዷን እንኳ አላዩም። የአዳራሹ ጥበቃ መብራት ሊያጠፋ መጥቶ፣ እነዚህን ምን ላድርጋቸው ብሎ ዳኛዋን ጠየቃት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼ ጥል፣ ጓደኛዬን መጽሐፍ ሲያሽግ ላግዘው ብሎ ወጣ። ቁርሱን በልቶ እንደሆነ ዳኛዋ እርግጠኛ አልነበረችም። ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ፤ ከባሕር ማዶ፣ የጋሼ ጎርፍ ልጅ ናት። እትዬ፣ አለች፣ አባቴን ምን አድርጋችሁት ነው? ዛሬ ጠዋት ደውሎ ጉዞዬን በሁለት ወር ገፍቼዋለሁ አለኝ። ያሸገውን ካርቶን ሁሉ መልሶ እየፈታ ነው። ምነው አባዬ ስለው ያላለቀ ነገር አለን ይላል፤ ከጀርባው ደግሞ አንድ ሰው ይጮኽበታል። ሁለት ወር ሲሞላ ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?

ዳኛዋ በግምት ፈርጄ አላውቅም ብላ አጽናናቻት። ያ የሚጮኸው ግን የእኔ ባል ነውና አትስጊ አለቻት። የመጣ እንደሆነም ብቻውን አይመጣ ይሆናል፤ ከአሁኑ ሁለት ወንበር አዘጋጂ ብላ አከለችላት። ሁለቱም ሳቁና ስልኩን ዘጉ።

የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ጥል ሸሚዙ በካርቶን አቧራ ነጥቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ አንድ የጫማ ክሩ ተፈትቶ ገባ። ዳኛዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ፊቱ ያበራ ነበር።

"እህ፣ ታረቃችሁ?" አለችው።

"ኧረ ተጣላን" አለ በሰለለ ድምፅ። "ጥልም ጎርፍም መኖሩንስ ተስማማን፤ የቀደመው የቱ ነው በሚለው ላይ ነው የተጣላነው። እኔ ጎርፉ ነው ብለው፣ እሱ ጥሉ ነው አለኝ። ምንም የማይገባው ሰው ነው።" ቆሞ እንደ ነበረ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ አነሣና ወደ በሩ ዞረ። "ተቀምጬ የምበላበት ጊዜ የለኝም፤ እየጠበቀኝ ነው።"